ከሀገረ ሰላም ወዲያ ያለው ኮረኮንች፦ አይሱዙ ይሻላል ሞተር?

የደጋው መምህር (ሐዋሳ)፣ ሰኞ ማታ 2፡40

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ የሚረዝመው ወደ ጥያቄው የሚወስደው መንገድ ነው።

ቤተሰቤ ሐዋሳ ነው። የማስተምረው ግን ሁላ ወረዳ ውስጥ፣ ከሀገረ ሰላም ወዲያ ባለ ቀበሌ ነው። ዓርብ ከሰዓት እወርዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ከሐዋሳ በይርጋለምና በአለታ ወንዶ በኩል ሀገረ ሰላም ድረስ ያለው ጉዞ ብዙም አያሳስበኝም። ሚኒባስ አለ፤ ትርፍ ቢጭንም ወንበር አለው፣ ጣሪያ አለው፣ በር አለው። የሚያሳስበኝ ከዚያ ተገንጥሎ የሚገባው 17 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው። በዚያ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ የሚባል ነገር የለም። የቀበሌው ገበያ እንደ ጥንቱ የሲዳማ አቆጣጠር በየአራት ቀኑ ስለሚውል፣ ጉዞዬ ከገበያው ዋዜማ ወይም ከገበያው ዕለት ጋር ሲገጥም አይሱዙ አገኛለሁ፤ ጭነት ከታች፣ ሰው ከላይ። በሌላው ሳምንት ሞተር ነው፤ ሞተረኛው፣ እኔና ብዙ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰው። ሁለቱም ከጠፉ በእግር ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በጉም ውስጥ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ በክልላችን፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ሠርገኞች የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰው ማለቁን የረሳ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እሑድ እሑድ ደውላ የምትጠይቀኝ «ደረስክ ወይ?» ብላ ሳይሆን «በምን ሄድክ?» ብላ ነው። «በሞተር» ስላት ትንሽ ትረጋጋ ነበር። ባለፈው ወር ግን ባልደረባዬ ከሞተር ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አሁን ለሁለቱም የምትቆጣበት ምክንያት አላት።

የምታውቁ ንገሩኝ፤ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? «ባትሄድ ይሻልሃል» የሚል መልስ ግን ይቅርብኝ፤ ደመወዜ ያለው እዚያ ነው።


ሥርዓት ይከበር፣ ሰኞ ማታ 3፡05

ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ክልክል ነው፤ ሞተር ላይ ሦስት ሆኖ መሄድም እንዲሁ። ከሁለት ሕገ ወጥ ነገሮች የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ መምህር ለተማሪዎቹ ምን ሊያስተምር ነው? ሾፌሩን ከመክሰሳችን በፊት ተሳፋሪው «አልወጣም» ቢል መኪናው ባዶውን ይሄድ ነበር። ሰው ለነፍሱ ካልሳሳ ትራፊክ ፖሊስ ከየት አምጥቶ ይሳሳለት?


አይሱዙ 16 ዓመት፣ ሰኞ ማታ 3፡50

ወንድሜ ሥርዓት ይከበር፣ ተሳፋሪው «አልወጣም» ካለ መኪናዬ ባዶውን አይሄድም፤ ጭነቴን ይዤ እሄዳለሁ። የሚቀረው እሱ ነው። በዚህ እንጀምር።

መምህር፣ እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በደረቅ ጭነት 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ሰውም ጭኜ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። ስለዚህ የምነግርህ ከሥራው ውስጥ ሆኜ ነው። ጭነት ላይ ሰው ሲወጣ መኪናው መኪና መሆኑ ይቀራል። ሃምሳ ኩንታል እህል የተጫነበት ቦታ ይቆያል፤ ሃምሳ ሰው ግን አይቆይም። ጥምዝ ላይ ስትገባ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይደገፋል፣ ሲያስፈራው ደግሞ በአንድነት ወደ ሌላው ይሮጣል። ክብደቱ ከላይ ስለሆነ መሪው በእጅህ እያለ መኪናው ከእጅህ ይወጣል። እኔ ይህንን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ቀን ወደ በንሳ ስሄድ የኋላው የግራ ጎማ መሬት ለቅቆ ሲመለስ በመቀመጫዬ ተሰምቶኛል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ከላይ አላወጣም።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በነጻ ማርሽ የሚለቅ ሾፌር ብዙ ነው። ሞተሩ መኪናውን ካልያዘው ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል፣ ይግላል፣ ከዚያ ስትረግጠው የለም። ከሀገረ ሰላም ወደ ታች ስትወርድ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ካሸተትክ ውረድ። አትፈር፣ ጋቢናውን ደብድበህ ውረድ።

ጥያቄህን በቀጥታ ለመመለስ፦ አይሱዙ ላይ ከመውጣት ሞተር ይሻልሃል እልሃለሁ። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ቦታ ካገኘህ ግን ሌላ ነገር ነው።


የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ሰኞ ሌሊት 5፡20

ተረኛ ስለሆንኩ እየተቋረጥኩ ነው የምጽፈው፤ ብዘበራርቅ ይቅርታ።

ጋሼ አይሱዙ፣ «ሞተር ይሻልሃል» ያሉት ትንሽ አስደነገጠኝ። አይሱዙ ሲወድቅ በዜና ይነገራል። ሞተር በየቀኑ አንድ አንድ ሰው ይጥላል፣ ለአንድ ሰው ዜና የሚያነብ የለም፤ እኛ ጋ ነው የሚመጡት። ሄልሜት ያደረገውንና ያላደረገውን ከበሩ ላይ መለየት ይቻላል። ያደረገው ስለ እጁ ወይም ስለ እግሩ እያቃሰተ ይገባል። ያላደረገው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚገባው፣ ዝምታው ነው የሚያስፈራን። በርካታ ጥናቶች ተደምረው የደረሱበት ውጤት ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነው። የሚሠራው ግን አገጭ ሥር ሲታሰር ነው። እንደ ባርኔጣ ጣል ያደረጉት ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል።

ሌላው ማንም የማያነሣው ነገር ልብስ ነው። እናቶች በጎን ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸው ወይም ሻርፓቸው ሰንሰለት ውስጥ ይገባል፤ አንገት ላይ ከተጠመጠመ የሚሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ጋቢ ለብሰህ የምትሄድ ከሆነ፣ መምህር፣ ጫፉን ጃኬትህ ውስጥ ክተት። እግርህን በግራና በቀኝ ከፍተህ ተቀመጥ። ባዶ እግርና ነጠላ ጫማ ለማርሚታው (ለጋለው የጭስ ማውጫ) ሲሳይ ናቸው፤ የቁርጭምጭሚት ቃጠሎ እዚህ ተራ ነገር ሆኗል።

ደግሞ እባካችሁ አደጋ ስታዩ ሰውን እጅና እግሩን ይዛችሁ መኪና ላይ አትወርውሩት። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ከሆነ በሕይወት የነበረውን ሰው ሽባ የምታደርጉት በዚያች ደቂቃ ነው። መኪናው የሚቃጠል ወይም ጎርፍ የሚወስደው ካልሆነ ሰብሰብ ብላችሁ፣ ጭንቅላቱን ከትከሻው ጋር አስተካክላችሁ ይዛችሁ፣ በቃሬዛ ወይም በሰፊ ጣውላ አንሡት። የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ እያነሣችሁ አትዩት፣ ያዙ። ቡና አትነስንሱበት። እርግጠኛ ነኝ እዚህ የሚያነብ ግማሹ ሰው ቁስል ላይ ቡና ያደረገች አያት አለችው፤ የኔም አድርጋለች። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።


ሞተረኛው፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

ሲስተር ሁሉንም በኛ ላይ አራገፉት። እኔ ሞተር የምሠራው አለታ ወንዶ አካባቢ ነው። ሁለተኛ ሄልሜት ገዝቼ ነበር። ተሳፋሪ አያደርገውም! አንዷ ጸጉሬን አበላሸኝ ትላለች፣ አንዱ የሌላ ሰው ላብ አልቀበልም ይላል፣ ሽማግሌው ደግሞ ምን አጠፋሁና ቆርቆሮ ታስደፋኛለህ ይሉኛል። በመጨረሻ እቤት ልጄ መጫወቻ አደረገው።

ሦስት ሰው የምጭነው ወድጄ አይደለም። ቤንዚን ከማደያ ወረፋ ይዤ ስገዛና ገጠር ላይ በሃይላንድ የሚሸጠውን ስገዛ ዋጋው አይገናኝም። በዚያ ላይ የሃይላንዱ ቤንዚን ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፤ ዳገት መሀል ላይ ሞተሩ ያስነጥሳል። አንድ ሰው ጭኜ ብመለስ ለልጆቼ የሚተርፍ የለም።

መምህር ግን አንድ ነገር ልምከርህ፦ ዝናብ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አትሳፈር። ቀዩ አፈር ገና ሲርስ እንደ ሳሙና ነው። ደህና አድርጎ ከዘነበ በኋላ ወይ ታጥቦ ጠጠሩ ይወጣል፣ ወይ ጭራሽ አያስኬድም፤ በሁለቱም ታውቀዋለህ። የሚጥልህ ያ መሀሉ ነው።


የደጋው መምህር፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት 6፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። (እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ ለመመለስ ብዘገይ ለዚያ ነው።)

ሥርዓት ይከበር፣ ለተማሪዎቼ ምን እንደማስተምር ጠይቀሃል። ዛሬ ጠዋት ከሠላሳ ስምንቱ ተማሪዎች አሥራ አንዱ ዘግይተው ገቡ፤ በእግር ነው የሚመጡት፣ መንገዱ ዳር ዳሩን። የጫት መኪና ሲያልፍ ቦይ ውስጥ ይገባሉ፣ አቧራው ሲበርድ ይወጣሉ። ዓይናቸውን እያሹ፣ እየሳሉ ነው ክፍል የሚገቡት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ላይ ቀዳሚው ገዳይ የመንገድ አደጋ ነው ይላል። የኔ ተማሪዎች ደግሞ ምንም ነገር ላይ አልተሳፈሩም። እነሱስ ምን ላይ «አልወጣም» ይበሉ?


ሥርዓት ይከበር፣ ማክሰኞ 7፡15

ስለ ልጆቹ ያልኩት ነገር የለም። እኔ የምለው ሕጉ ይከበር ነው።


አይሱዙ 16 ዓመት፣ ማክሰኞ 7፡40

ሕጉ የት ላይ እንደሚከበር ልንገርህ? ከከተማው መውጫ ላይ። ትራፊኩ እዚያ ይቆማል። ሰውም ያውቃል፣ ኬላውን በእግሩ ያልፋል፣ ከማዶ መኪናው ጠብቆ ይጭነዋል። ከኬላው በኋላ ያለው ኮረኮንች ላይ ግን ትራፊክ አይቼ አላውቅም። ትራፊኩም እኮ እዚያ የሚደርስበት መኪና የለውም።


መንገድ ሠሪ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡00

እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፣ አሁን ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከላይ የተባለውን በሙሉ አነበብኩ። የራሳችንን ሙያ ጥፋት የነካ ሰው ስለሌለ እኔው ልንካው።

በ2003 ዓ.ም. ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሲጀመር ዓላማው ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ በደስታ ነበር የሠራሁት። ግሬደሩ ገብቶ የማያውቅበት ቀበሌ ሲደርስ እናቶች እልል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያንን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። በዓለም ላይ የገጠር ተደራሽነት የሚለካው በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ከገጠሩ ሕዝብ ስንቱ ዓመቱን ሙሉ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ይኖራል? መንገዱ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ስለመጣ መምህሩ በዚህ መለኪያ «ተደራሽ» ነው። መለኪያው መንገዱ ላይ ምን ይሄዳል ብሎ አይጠይቅም። እኛም አልጠየቅንም። መንገዱ ካለ መኪናው ራሱ ይመጣል አልን። መጣም፤ አይሱዙ ሆኖ መጣ።

ሁለተኛው ጥፋታችን ፍጥነት ነው። መንገድ መጥፎ ሲሆን ሰው ይሰባበራል እንጂ እምብዛም አይሞትም፤ መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየዳኸ ነው። ጠጠር አልብሰን ስናስተካክለው ያው ሾፌር በ60 ይነዳል፣ ጥምዙ ግን ያው ጥምዝ ነው፣ ድልድዩም ያው ጠባብ ድልድይ ነው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር የሞት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መንገድ በተመረቀ ማግስት ለቅሶ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ርካሽ መፍትሔ አለ ወይ ካላችሁ፣ አለ። ጥምዝ ላይ በገደሉ በኩል ትልልቅ ድንጋይ ደርድሮ ኖራ መቀባት። በጉምና በምሽት ጠርዙ የት እንደሆነ ይታያል። የመኪና ግጭት አያስቆምም፣ ግን ሾፌሩ ገደሉን ያያል። ከዚያ ቦይ መጥረግ። የጠጠር መንገድ ጠላቱ መኪና አይደለም፤ ውሃ ነው። መሀሉ ጎበጥ ብሎ ውሃውን ወደ ሁለቱም ዳር ካላፈሰሰ፣ ቦዩም ከተደፈነ ውሃው መሀል መንገድ ላይ ይሄዳል፤ ሞተረኛው የሚወድቅበት ሸርተቴ የሚፈጠረው እንዲያ ነው። ይህን የቀበሌው ሰው በአንድ ቀን ይሠራዋል። ቦዩን ዘግቶ እንሰት የተከለበትን ገበሬ ማስነሣት ግን የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ እሱን ለሽማግሌ ተዉት።


ባለጋሪው ከጥቁር ውሃ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡10

ይህን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው፤ እኔ እያወራሁ እሱ ይጽፋል።

ስለ መኪና ስታወሩ ጋሪን ረሳችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጋሪ ሰውም እህልም አመላልሻለሁ። ፈረስ አይሰክርም፣ ጫት አይቅምም፣ ሌሊት እንቅልፍ ቢወስደኝ ቤቴ ያደርሰኛል። የሚያስፈራኝ ከኋላዬ የሚመጣው ነው። በሻሸመኔ መንገድ ማታ ማታ የሚበር መኪና ጋሪን የሚያየው ከደረሰባት በኋላ ነው። ጓደኛዬ እንዲሁ ሄደ፤ ፈረሱም እሱም።

ልጄ ከጋሪው ኋላ የተጣሉ ሲዲዎች አንጠለጠለልኝ። መብራት ሲያርፍባቸው ያብለጨልጫሉ። የሠፈሩ ሰው «ጋሪህ የሙዚቃ ቤት ሆነች» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቁ።


መንገድ ሠሪ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡30

አባቴ፣ ሲዲው ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን የሚያበራው መብራቱ በቀጥታ ሲያርፍበት ብቻ ነው፣ በነፋስ ሲዞር ይጠፋል። በትልልቅ መኪኖች ኋላ የሚለጠፈው ቀይና ነጭ አንጸባራቂ ፕላስቲክ መለዋወጫ ሱቅ በሜትር ይሸጣል። አንድ ሜትር ለጋሪዎ ይበቃል። ቀዩን ከኋላ፣ ነጩን ከፊት ያድርጉት። ልጅዎ ከሐዋሳ ሊገዛልዎ ይችላል።


ባለጋሪው ከጥቁር ውሃ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡41

ተባረክ። ለፈረሱስ? የሚታየው ጋሪው ብቻ ከሆነ ፈረሱን ይመቱብኛል።


መንገድ ሠሪ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡44

ለፈረሱ ደረት ማሰሪያው ላይ። ቁስል ያለበት ቦታ ላይ እንዳያርፍ ብቻ።


የገበያ እናት፣ ረቡዕ ጠዋት 12፡50

ሁሉም ወንድ እየተነጋገረ ስለሆነ ዝም ልል ነበር። እኔ ቆጮና ቅቤ እነግዳለሁ፤ አይሱዙ ላይ ከመምህሩ በላይ ብዙ ጊዜ የወጣሁ እኔ ነኝ።

የት እንደሚቀመጡ ልንገራችሁ። ጋቢናውን ተደግፎ መሀል ላይ ነው የሚሻለው። ጠርዝ ላይ የሚቀመጡት ወጣቶች ናቸው፤ መዝለል እንችላለን ብለው ነው። ሲገለበጥ ግን የዘለለውን ነው መኪናው የሚጫነው። ለሴት ደግሞ ሌላም መከራ አለ። ለመውጣት ጎማ ረግጠሽ፣ የማታውቂው ሰው ከታች እየገፋሽ ነው። ሆን ብሎ የሚገፋም አለ። ስትወርጂም እንዲሁ። እርጉዝ ሆኜ ስምንተኛ ወሬ ድረስ ወጥቻለሁ። ምጥ የያዛት ጎረቤቴን ሞተር ላይ ሁለት ወንዶች መሀል አድርገው ሲወስዷት አይቻለሁ፤ አምቡላንሱ ድልድዩ ጋ ደርሶ ውሃው ሞልቶ አላሻግር ብሎት ነው። ድልድዩ ጋ ከሞተር አውርደው በቃሬዛ አሻገሯት። እሷም ልጇም ተርፈዋል፣ ተመስገን።

ስለዚህ «አልወጣም በሉ» የሚለው ወንድሜ አንድ ገበያ ቀን ይምጣና ቆጮዬን ተሸክሞ 17 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሞክረው። ከዚያ ሕጉን አብረን እናነባለን።


የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ረቡዕ 4፡00

እናቴ፣ የጻፉት ልቤን ነካው። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ትምህርት አለን። አንደኛው ቤት ውስጥ «እንሂድ ወይስ እንቆይ» ሲባል የሚባክነው ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚያልፈው፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ የሚያልቀው። ተማሪ ሳለሁ ሦስቱን ለየብቻ ሸምድጄ ነበር ፈተናውን ያለፍኩት። ሥራ ላይ ስገባ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደሚወልደው አየሁ። መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ቤተሰብ ለመወሰን ይዘገያል፤ «ሌሊቱ ይንጋ» ይላል። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ግን ሌሊቱ እስኪነጋ አትጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ጤና ጣቢያዎች አጠገብ የእናቶች ማቆያ አለ። ቀኗ ሲቃረብ ቀድማ መጥታ እዚያ ብትቆይ ሌሊት ላይ ሞተር መፈለግ አይኖርም። ከብቱን፣ ልጆቹን፣ እንሰቱን ለማን ትቼ ነው የሚሉኝን ግን አውቃለሁ።


ጠበቃ ጎረቤት፣ ረቡዕ 9፡30

አጭር ነገር ላክል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ ተሽከርካሪ ለጎዳው ሰውም የመድን ፈንድ የሚባል አለ። ገጠር ውስጥ ይህንን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በሽምግልና ይታረቃሉ፣ ወረቀት አይኖርም፣ ከስድስት ወር በኋላ እግሩ ሲቆረጥ ማስረጃ የለውም። የባልደረባህ አደጋ ለፖሊስ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ አሁንም ሄዶ ቃሉን ይስጥ፣ የሕክምና ወረቀቱን አንድም ሳይጥል ይያዝ።


የደጋው መምህር፣ ረቡዕ ማታ 1፡15

አልተመዘገበም። ሞተረኛው የተማሪያችን አጎት ስለሆነ «ይቅር» ተባብለው ተለያዩ። ነገ አነጋግረዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራዬ። ከእናንተ ጽሑፍ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከአይሱዙና ከሞተር አንዱን መምረጥ ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ነበር። ሥርዓት ይከበር ይህን ሲያነብ ደስ እንዳይለው፣ የተሳሳተበት ምክንያት እሱ ያለው አይደለም። ሀገረ ሰላም ላይ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያለው ሰው አለ። ለምን ወደኛ እንደማይገባ ዛሬ ደውዬ ጠየቅኩት። «የኮረኮንች ታሪፍ ጎማ አይተካልኝም» አለ፤ ደግሞም ሰው መኖሩን ሳላውቅ ባዶዬን ገብቼ ባዶዬን አልወጣም ነው የሚለው። እሑድ ከሰዓት ቢገባ፣ ዓርብ ከሰዓት ቢወጣ፣ ሃያ ሰው ቀድሞ ከፍሎ ቢጠብቀውስ? «እሱ ከሆነ እንነጋገር» አለ።

በአካባቢያችን ያሉትን መምህራን፣ የጤና ኬላዋን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎቹን ቆጠርኩ። በየሳምንቱ የምንወርድ አሥራ አራት ነን። ስድስት ይጎድለናል። የገበያ ሰው ይሞላዋል እንዳልል ገበያው በየአራት ቀኑ ነው፣ እኛ በየሰባት ቀኑ። ገበያና እሑድ የሚገጥሙት በ28 ቀን አንዴ ብቻ ነው።


ሥርዓት ይከበር፣ ረቡዕ ማታ 1፡40

ደስ አይለኝም እንጂ አልቃወምም። ሰውዬው ግን የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ እንዳለውና የመኪናው የምርመራ ጊዜ እንዳላለፈበት አረጋግጡ። ይህንንም ሕግ አታምጣ እንዳትሉኝ።


የገበያ እናት፣ ረቡዕ ማታ 1፡55

መምህር፣ አሁን በትክክል አልክ ልጄ። ገበያው የግድ እሑድ መዋል የለበትም። እኛ የምንሄደው ለመግዛት ነው፤ ከገበያው በፊት ሁለት ቀን ቀድመን ብንገባ እዚያው ዘመድ ጋ እናድራለን። እሑድ እሑድ አራት ሰው እኔ አመጣልሃለሁ። ስንመለስ ግን ቆጮ አለን። ቆጮው የት ይጫናል?


አይሱዙ 16 ዓመት፣ ረቡዕ ማታ 2፡05

ጣሪያ ላይ አይወጣም! የጻፍኩትን በሙሉ አንብባችሁ ቆጮ ጣሪያ ላይ ከጫናችሁ ትንሽ አይሱዙ ሠራችሁ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ሥርና በመተላለፊያው ኋላ ይታሰር፤ በሩ አጠገብ ግን ምንም እንዳይቀመጥ። መምህር፣ እሑድ ሀገረ ሰላም ነኝ። 7 ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ላይ እንገናኝ። ጎማውን፣ የመሪውን ክፍተትና ፍሬኑን ሳላይ ለሰውዬው አንድ ብር እንዳትሰጡት። በነጻ ማርሽ ይወርድ እንደሆነም እኔ ነኝ የምጠይቀው፤ ለሾፌር ሾፌር ነው የሚናገረው።


የደጋው መምህር፣ ረቡዕ ማታ 2፡20

እመጣለሁ፣ ጋሼ። ሁለት ሰው ነው የቀረን። ካልሞላ እኔው የሁለቱን ከፍዬ እጀምራለሁ፤ ለባለቤቴ ከምዋሽ ይረክሳል። አውቶቡሱ ለማይገባባቸው ቀናት ደግሞ የራሴን ሄልሜት ገዝቻለሁ፤ የማንም ላብ የለበትም። ሞተረኛው ወንድሜ፣ አለታ ወንዶ ስመጣ ልጅህ የሚጫወትበትን ሄልሜት መልሰህ አምጣ። እኔ አድርጌ ከኋላህ ስቀመጥ ሌላው ያያል።


ሞተረኛው፣ ረቡዕ ማታ 2፡33

ልጄ በቀለም ቀባው። አበባ ሠርቶበታል።


የገበያ እናት፣ ረቡዕ ማታ 2፡36

መተላለፊያው ላይ ቆጮ ሲታሰር ግን ሽታውን ትችሉታላችሁ? የከተማ ሰው አፍንጫውን ይይዛል።


የደጋው መምህር፣ ረቡዕ ማታ 2፡38

እናቴ፣ እኔ በቆጮ ነው ያደግኩት። አራቱን ሰው ብቻ አይቀንሱብኝ።